«ውጪ» የሚባል አገር የለም፦ ልሂድ ወይስ ልቅር ለሚል ሰው

በወር ቢያንስ ሁለት ሰው ይጠይቀኛል። አንዱ ጣና ዳር ቡና ይዘን፣ ሌላው ሌሊት በቴሌግራም። ጥያቄው ያው ነው፦ «ልውጣ ወይስ ልቅር?» ዱባይ ሦስት ዓመት ሠርቼ ባሕር ዳር የተመለስኩ ሰው ስለሆንኩ መልሱን ደብቄ የያዝኩት ይመስላቸዋል። አልያዝኩም። ያለኝ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ የሚሠራ የሒሳብ ዘዴ ነው። እሱንም የተማርኩት ከሄድኩ በኋላ፣ በውድ ዋጋ ነው።

መቼም «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምተህ አድገሃል። ሰው ሁሉ የሚያዝነው ለማደሪያው ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ ግንዱ ነው። ይዘህ የምትዞረው ምንድን ነው? ሙያ ነው? ሕጋዊ ወረቀት ነው? ወይስ የአጎትህ ብድር?

መጀመሪያ «ውጪ» የምትለዋን ቃል ከደብተርህ ሰርዛት። ውጪ የሚባል አገር የለም። ሪያድ አለ፣ ዱባይ አለ፣ ቶሮንቶ አለ፣ ሙኒክ አለ። በቦታዋ ሦስት ነገር ጻፍ፦ ከተማ፣ ሥራ፣ ወረቀት። «ዱባይ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ በአሠሪ የሥራ ቪዛ» ብለህ መጻፍ ከቻልክ እቅድ አለህ። «አውሮፓ፣ የተገኘው ሥራ፣ እዚያ ስደርስ ይታያል» ካልክ ያለህ ምኞት ነው፤ ምኞት ደግሞ የደላላ እንጀራ ነው።

ከሦስቱ ትልቁ ወረቀቱ ነው። ይህን ስሄድ ማንም አልነገረኝም። ዱባይ ዴይራ ውስጥ አንድ ክፍል ስድስት ሆነን ነበር የምንተኛው። አንዱ ልጅ በቪዚት ቪዛ ገብቶ ሥራ የሚፈልግ ነበር። እንደኔው ሳህን ያነሳል፣ እንደኔው ወለል ያጥባል፣ እንዲያውም ከኔ ይጎብዛል። ግን በቪዚት ቪዛ መሥራት እዚያ አገር ክልክል ስለሆነ አሠሪው ደስ ሲለው ግማሽ ሲከፍለው፣ ሳይለው ጭራሽ ሲከለክለው፣ ልጁ የሚከስበት ቦታ አልነበረውም። እኔ ደመወዜ ሲዘገይ ቢያንስ ማመልከት እችል ነበር። በመካከላችን የነበረው ልዩነት አንዲት የቪዛ ገጽ ናት።

ቀጥሎ ለምን መሄድ እንደፈለግህ ጻፍ። ለማንም አታሳየውምና አትዋሽ። የኛ ከተማ ነገር ይታወቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ጎብኚ ጠፍቶ፣ ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሱት ጀልባዎች ታስረው የሚውሉበት ቀን በዝቷል። ጀልባው ሲታሰር አስጎብኚውም፣ የሆቴል ሠራተኛውም፣ ዓሣ ጠባሹም አብሮ ይታሰራል። በዚህ ምክንያት የሚሄድ አለ። ለሕይወቱ ፈርቶ የሚሄድም አለ፤ ለሱ ይህ ደብተር አይሠራም፣ የሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ፖሊ ቴክኒክ ተመርቆ ሥራ አጥቶ የሚሄድ አለ። የክፍል ጓደኛው ቨርጂኒያ መኪና ተደግፎ የተነሳውን ፎቶ አይቶ የሚሄድ አለ። ከአማቶቹ ጋር ስላልተስማማ የሚሄድም አለ፣ አትሳቅ፣ አውቀዋለሁ። ምክንያትህ ሥራ ማጣት ከሆነ ጥያቄው «ሙያዬ የት ይፈለጋል?» ነው። አማቶችህ ከሆኑ ግን አዲስ አበባም ይበቃል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በየሳምንቱ አይመጡም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እዚህ ጋ ቀስ በል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በባንክ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር 100 ብርን አልፎ ሄደ። ስለዚህ የትኛውም የውጭ ደመወዝ በብር ሲመታ ያስደነግጣል። 1,800 ድርሃም በለው። አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ስለሆነ ወደ 490 ዶላር ይመጣል። በብር ስትመታው እዚህ ስንት ዓመት ያገለገለ መምህር የማያገኘው ነው። ታዲያ ደመወዙን በብር ቆጥረን ስናበቃ ኑሮውን በድርሃም መቁጠር እንረሳለን።

የኔን ልንገርህ። በ2010 ዓ.ም. ስሄድ ደመወዜ ይኸው 1,800 ድርሃም ነበር። አልጋ (ክፍል አላልኩም፣ አልጋ) 650። ምግብ እየቆጠብኩ 450። መጓጓዣ 230። ስልክና ኢንተርኔት 120። መድኃኒት፣ ጫማ፣ ለለቅሶና ለታመመ ወዳጅ መዋጮ፣ በአማካይ 100። ደምረው፣ 1,550 ነው። ቀሪው 250 ድርሃም፣ ማለትም 68 ዶላር ገደማ። ለመሄድ የተበደርኩት ግን በጊዜው ምንዛሪ 1,500 ዶላር ያህል ነበር። ሳልታመም፣ ቤት አምስት ሳንቲም ሳልልክ፣ ዕዳ ብቻ ብከፍል 22 ወር ይፈጅብኛል። ውሉ የሁለት ዓመት ነው። እናቴ ደግሞ በየወሩ ትጠብቃለች።

የሚያበሳጨኝ ከዚያ ብድር አብዛኛውን የበላው አገናኙ መሆኑ ነው። አሠሪው ሊከፍለው የሚገባውን የቪዛ ወጪ ከኔ ተቀበለ። የኢምሬትስ ሕግ ይህን ከሠራተኛ መሰብሰብ እንደሚከለክል የሰማሁት ሁለተኛ ዓመቴ ላይ፣ ከአንድ ፊሊፒናዊ ባልደረባዬ ነው።

ስለዚህ ደብተርህ ላይ ሦስት ቁጥር ይኑር። የመሄጃ ወጪው፣ በወር ተርፎ የሚቀረው፣ እና የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የሚሰጠው የወር ብዛት። መልሱ ከ12 ወር ከበለጠ እኔ አልሄድም። ይህ የኔ መስፈርት ነው፤ አንተ 18 ልትለው ትችላለህ፣ ግን ከመሄድህ በፊት በለው። ደግሞ ያንኑ ብር እዚህ ብታውለው ምን እንደሚያመጣ በሌላ ገጽ አስላ። «ምንም» ብለህ አትለፈው። የጎረቤቴ ልጅ ለደላላ ያዘጋጀውን ብር ፍሪጅ ገዝቶበት፣ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ እየተረከበ ለምግብ ቤቶች ያቀርባል። ሀብታም አልሆነም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሲራገም እሰማዋለሁ። ማታ ግን ስልኩ ሲጠራ አይደነግጥም።

የኪራዩንና የምግቡን ቁጥር ከየት ታመጣለህ? እዚያ ካለ ሰው። ፎቶ ከሚለጥፈው አትጠይቅ፣ ዝም ካለው ጠይቅ። «እንዴት ነው አገሩ?» ብትለው «ተመስገን» ይልሃል፣ ምን እንዲልህ ነበር? ይልቅ ጠበብ አድርገህ ጠይቅ፦ ዛሬ ስንት ሰዓት ገባህ፣ ስንት ሰዓት ወጣህ? ኪራይ ስንት ነው፣ ከስንት ሰው ጋር? ወረቀትህ ምንድን ነው፣ መቼ ያልቃል? ሦስተኛዋ ጥያቄ ላይ ዝም ካለ ብዙ ነግሮሃል።

ኮንትራት ለምትሄጂ እህቴ ደግሞ እዚህ ጋ ላንቺ ልናገር። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ወጪውን ከፋፍሎታል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ዋስትና ወጪ የአሠሪው ነው። ያንቺ የፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የመሳሰለው ነው። «ለቪዛና ለትኬት ይህን ያህል አምጪ» ያለሽ ሰው ከመጀመሪያው የማይገባውን እየጠየቀሽ ነው። ውሉ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ያለፈ መሆኑን አረጋግጪ። ኮፒው እናትሽ ጋ ይቀመጥ፤ የአሠሪው ስም፣ ከተማና ስልክ ያለበት ገጽ በተለይ። እዚያ ስትደርሺ ማዳም ፓስፖርትሽን ልትቀበልሽ ትችላለች፣ ስልክም ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ አንድ የቤተሰብ ቁጥርና የኤምባሲውን ቁጥር በቃልሽ ያዢ።

ዲቪ ለሞሉ። ዲቪ ቪዛ አይደለም፣ ለማመልከት ተራ መያዝ ነው። በዓመት የሚሰጠው ቪዛ ቢበዛ 55,000 ሆኖ ሳለ «ደረሰህ» የሚባለው ሰው ከ100,000 በላይ የሆነባቸው ዓመታት አሉ። የደረሰው ሰው የዚያ በጀት ዓመት ማብቂያ እስከሆነው ሴፕቴምበር 30 ቪዛውን ካልያዘ ዕድሉ ይቃጠላል። የቪዛው ክፍያ በሰው 330 ዶላር ነው፣ ብትከለከልም አይመለስም። ፕሮግራሙ ራሱም በአንድ ውሳኔ ሊታገድ ስለሚችል «ዲቪ እስኪደርሰኝ» ብለህ ሥራ አትልቀቅ፣ ትዳርም አታቆይ። ስትሞላ ደግሞ በራስህ ኢሜይል ይሁን፣ ማረጋገጫ ቁጥሩን ራስህ ያዝ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ የሞላልህ ልጅ ቁጥሩን ይዞ «ደርሶሃል፣ ይህን ያህል ክፈለኝ» ቢልህ ምን ታደርጋለህ? ሚስት ወይም ልጅ ካለህ ደብቀህ አትሙላ፤ ኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ ሙሉ በሙሉ ያስጥልሃል።

ትምህርት ከሆነ መንገድህ፣ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፣ ግን ቀድሞ መጀመር ይፈልጋል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጣህ ከሆነ የወጪ መጋራት ዕዳህን ሳትጨርስ ዋናውን ዲግሪ አይሰጡህም፤ ብዙ ልጅ ይህን የሚያስታውሰው የማመልከቻው ቀን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው። በራስህ ወጪ ጀርመን ልማር ካልክ ለቪዛው በዓመት 11,904 ዩሮ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ እየተቆረሰ ብቻ በሚወጣ የባንክ ሒሳብ) ማስቀመጥ እንደሚጠየቅ እወቅ። ይህን ካየህ በኋላ ስኮላርሺፕ መፈለግ ይጥምሃል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ወጪህን ይሸፍናል፣ ግን ስትጨርስ አገርህ ተመልሰህ ሁለት ዓመት እንድትቆይ ያስገድዳል፤ ይህን ከምክንያትህ ገጽ ጋር አስተያየው። ሁለቱም ለማመልከት ገንዘብ አይጠይቁም። «ስኮላርሺፕ አስገኝልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ቢሮ ጋ እኔም አንዴ ሄጄ ብር አስረክቤ መጥቻለሁ። ቢሮው ሁለት ወር ቆይቶ የጥርስ ክሊኒክ ሆኖ አገኘሁት።

የመተማውን መንገድ ደብተሩ ላይ አትጻፈው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት፣ ከሷ ወዲያ ደግሞ ሊቢያ አለ። «አሁን ምንም አትከፍልም፣ ስትደርስ ነው» የሚልህ ደላላ ርኅሩኅ ይመስላል። መያዣው አንተ ነህ። በኛ ሰፈር ለአንድ ልጅ ማስለቀቂያ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነጠላ ተዘርግቶ ብር ሲሰበሰብ ቆሜ አይቻለሁ። እናትየው ነጠላዋን አንስታ ስትቆጥር አቀርቅራ ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም።

እነዚህን ሁሉ ጽፈህ አሁንም «ልሂድ» ካልክ ልምምድ አድርግ። ለሦስት ወር እዚሁ ተሰደድ። ማለት፣ ከቤተሰብ ቤት ውጣና ከሰው ጋር ክፍል ተጋራ፣ በራስህ አብስለህ ብላ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተህ ሂድ፣ የምትንቀውን ሥራ ያዝ። ከተቻለ ማንም የማያውቅህ ከተማ። ዲግሪ ያለው ሰው ሳህን ሲያጥብ የሚሰማውን እዚህ በነጻ ብትሞክረው ይሻላል። እኔ የመጀመሪያው ሳምንት ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ፤ ሥራው ከብዶኝ እንዳይመስልህ፣ የአምስት ዓመት ታናሼ የሆነ ኃላፊ በጣቱ ሲጠራኝ ነው።

ከዚያ ቤተሰብ። በወር ስንት እንደምትልክ ሳትሄድ ንገራቸው፣ ዝቅ አድርገህ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ምንም እንደማትልክም ተናገር። እናትህ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት፣ የቤት ካርታውና ውክልናው ማን ጋ እንደሚሆን በስም ይጻፍ፤ «እኛ አለን» የሚሉ ወንድማማቾች በአንድ ውክልና ሲካሰሱ አይቻለሁ። የእድር ክፍያህን አታቋርጥ። እዚህ ያሉት እነሱ ናቸው፣ ለቅሶ ሲደርስ አንተ አትደርስም።

መጨረሻ ገጹ ላይ አንድ ቁጥርና አንድ ቀን ጻፍ፦ ይህን ያህል ስይዝ ወይም እስከዚህ ቀን ድረስ ካልያዝኩ እመለሳለሁ ብለህ። እኔ አልጻፍኩም ነበር፤ ለዚህ ነው ሁለት ዓመቱ ሦስት የሆነው።

አንድ ትንሽ ነገር ረስቼ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲምህን ይዘህ አትሂድ፣ አትዝጋውም። የባንክህና የቴሌብርህ መልእክት የሚመጣው በሱ ነው። ለምታምነው ሰው ስጥና በየወሩ ትንሽ ካርድ ይሙላበት። የኔ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ስመለስ ደውዬ «ይህ የኔ ቁጥር ነበር» ብለው «ታዲያ ምን ላድርግልህ?» አለኝ።