ሕጋዊ ሽጉጥ ላላችሁ፦ ስለ ጥይት ምርጫና ስለ ተኩስ ልምምድ

ባህር ዳር ውስጥ ሽጉጥ ያላቸው ሁለት ሰዎች ማኪያቶ ይዘው ከተቀመጡ ወሬው ያው ነው፣ ማካሮቭ ነው ቶካሬቭ የሚሻለው፣ የቱ ጥይት ነው ሌባውን ባለበት የሚያስቀረው፣ የእንትና አጎት በደርግ ጊዜ የያዘው ሽጉጥ ግንድ ይበሳ ነበር ምናምን። ክርክሩን አልጠላውም፣ ግን ዋናው ጥያቄ እሱ አይደለም። ዋናው የለቀቃችኋት እያንዳንዷ ጥይት ሄዳ የት ነው የምታርፈው የሚለው ነው፣ ስታም ይሁን መትታ አልፋ፣ እና ይሄን ከጥይቱ ዓይነት በላይ የሚወስነው የእጃችሁ ልምምድና የቤታችሁ ግድግዳ ነው።

ቅድሚያ አንድ ነገር፣ ይሄ ፈቃድ ላለው ሰው ብቻ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም ጥይት ከጓሮ ነጋዴ መግዛትም ጣጣው ብዙ ነው። ፈቃድ ከሌላችሁ ለበሩ ጥሩ ቁልፍ፣ ለግቢው መብራትና አንድ የሚጮህ ውሻ ይበቃል፣ እውነቴን ነው።

ወደ ጥይቱ። ቁጥር ለሚወድ በግርድፉ፣ ማካሮቭ የሚጎርሰው 9 በ18 (ውፍረቱና የቀለሃው ርዝመት በሚሊሜትር ማለት ነው) አረሩ፣ ማለትም ተወንጭፎ የሚወጣው ጫፉ፣ 6 ግራም ገደማ ነው፣ ኃይሉ 300 ጁል አካባቢ፣ ጁል የጉልበት መለኪያ ነው። 9 በ19 ማለትም ፓራቤለም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የመጣው፣ 7.5 ግራም ገደማ አረር በሰከንድ 350 ሜትር ቢወረውር 450 ጁል አካባቢ ይሆናል። ቶካሬቭ 7.62 በ25 አረሩ ቀላል ነው ግን ፈጣን ስለሆነ 500 ጁል ይደርሳል። ትንሿ 7.65 ብራውኒንግ 200 ጁልም አትሞላም። አሁን ክላሽን አስቡት፣ 2000 ጁል አካባቢ ነው። ስለዚህ ከክላሽ አንፃር ሲታይ ሽጉጥ የተባለ ሁሉ ደካማ ነው፣ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ካፌ ላይ እንደሚወራው አይደለም። ፊልም ላይ በሽጉጥ የተመታ ሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ መስኮት ሰብሮ ሲወጣ የምታዩት ውሸት ነው፣ ጥይቱ ሰው የሚወረውር ቢሆን ተኳሹንም ይወረውረው ነበር። የተመታ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ሊሮጥም ሊታገልም ይችላል፣ መመታቱን ሳያውቅ የሚቆይም አለ።

የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይ እዚህ ላይ ጥሩ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1986 ማያሚ ላይ ወኪሎቹ በተኩስ ልውውጥ ሞቱበት፣ ከዛ ጥፋቱ የጥይቱ ነው ተባለና ወደ 10 ሚሊሜትር ሄዱ፣ እሱ ሲከብድባቸው ቀለል ወዳለው ፎርቲ ካሊበር (ካሊበር የጥይት ውፍረት ልክ ነው)፣ ብዙ ዓመት ቆይተው ደሞ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ተመልሰው 9 ሚሊሜትር። ምክንያቱ የአረሩ አሠራር በመሻሻሉ ልዩነቱ ጠበበ፣ ደሞ ብዙ ሰው ወደ ኋላ የሚገፋበት ግፊት ቀለል ያለውን ሲተኩስ ቶሎ ቶሎና በትክክል ይመታል። እኔም የምለው እሱኑ ነው፣ እጃችሁ የሚቆጣጠረውን፣ ሽጉጣችሁ ሳይነክስ የሚጎርሰውን ያዙ በቃ።

እዚህ ጋ ሳልረሳ፣ ሰው ሁለቱንም «ዘጠኝ» ብሎ ስለሚጠራ ማካሮቭንና ፓራቤለምን የሚያደባልቅ አለ። አንድ አይደሉም! የማካሮቩ አረር 9.27 ሚሊሜትር ነው፣ የፓራቤለሙ 9.01፣ የቀለሃው ርዝመትም ይለያያል፣ የባሩዱ ግፊትም። ሽጉጡ ብረት ላይ የተጻፈውንና ቀለሃው ቂጥ ላይ ያለውን ምልክት አይታችሁ አመሳክሩ፣ «ገባ እኮ» ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም።

የአረሩ ቅርጽ ግን ከካሊበሩ በላይ ለውጥ ያመጣል። ጫፉ ሙሉ በሙሉ በመዳብ የተለበጠው፣ እኛ ጋ በብዛት የምታዩት፣ ሲመታ ቅርጹን ስለማይለቅ አልፎ ይሄዳል። አፉ ጎድጎድ ያለው ደሞ ሰውነት ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ ይፈካና ቶሎ ይቆማል፣ ሌሎች አገሮች ውስጥ ፖሊስ የሚይዘው ለዚህ ነው፣ ጭካኔ ሳይሆን ከኋላ ያለው ሰው እንዳይመታ። ኤፍቢአይ አረር ሲፈትን የሚተኩሰው በሰው ሥጋ ምትክ በሚጠቀሙበት ጄል ላይ ነው፣ ከ30 እስከ 46 ሴንቲሜትር ገብቶ እንዲቆም ይፈልጋል። የተለበጠው 9 ሚሊሜትር እዛው ጄል ላይ ከ60 ሴንቲሜትር በላይ ይሄዳል። ሰው መትቶ ጉልበት ተርፎት ይወጣል ማለት ነው።

ታዲያ የሚወጣው ወዴት ነው? የኛን ግቢ አስቡት። ፊት ለፊት ዋናው ቤት፣ ከጎን የተደረደሩ ሰርቪሶች፣ በየክፍሉ ተከራይ፣ አንዷ ክፍል ተማሪዎች፣ አንዷ አራስ ያለችበት፣ በሩ ቆርቆሮ፣ አጥሩም ቆርቆሮ። ቆርቆሮ ጥይት አያቆምም፣ የእንጨት በር አያቆምም፣ ኮምፔንሳቶ አያቆምም፣ የጭቃ ግድግዳን ደሞ አትመኑት፣ ማገርና ጭቃው የሳሳበት ቦታ ካገኘ ያልፋል። ብሎኬት የተሻለ ነው ግን እሱም ውስጡ ክፍት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ሽጉጡን ሳትነኩ፣ መኝታ ቤታችሁ ቆማችሁ ወደ በሩ እዩ፣ ከበሩ ጀርባ ማን ነው የሚተኛው? በመስኮቱ አቅጣጫስ? የትኛው አቅጣጫ ነው በጭራሽ የማይተኮስበት? ይሄን በቀን ያልወሰነ ሰው በሌሊት አይወስነውም። ልጆቹን ወደ አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ በር ቆልፎ፣ ፖሊስ ጠርቶ፣ ከውስጥ ሆኖ «ሽጉጥ አለኝ ሂድ» ብሎ መጮህ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመውጣት ይሻላል፣ ቴሌቪዥን ለሚሰርቅ ሰው ተብሎ አይወጣም።

ስለ መሳት ካነሳን የኒውዮርክ ፖሊስን ልንገራችሁ፣ የሰለጠኑ ናቸው ደሞዝ ይከፈላቸዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2006 በነበረው ጥናት ሌላው ወገን በሚተኩስባቸው ግጥሚያ ላይ ከተኮሱት የመታው በአማካይ 18 በመቶ ነው። የቀረው የሆነ ቦታ አርፏል።

ልምምዱን ያለ ጥይት ጀምሩ፣ ብዙው ችሎታ እዛ ነው ያለው፣ ወጪም የለውም። ካዝናውን (የሽጉጡን የጥይት መያዣ) አውጡ፣ ላይኛውን ብረት ስቡና የጎረሰ መኖሩን በዓይን እዩ፣ በጣትም ንኩ፣ ጥይቱን በሙሉ ሌላ ክፍል ወስዳችሁ አስቀምጡ፣ ከዛ ተመልሳችሁ እንደገና እዩ። አፈሙዙ ወደ ጠንካራ ነገር ይሁን፣ በጆንያ የተሞላ አሸዋ ጥሩ ነው፣ ጎረቤት ወዳለበት ግድግዳ አይደለም። አሁን አንድ ብር ሳንቲም ከፊተኛዋ ማነጣጠሪያ ጀርባ ላዩ ላይ አስቀምጡና ቃታውን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ሳንቲሙ ከወደቀ ቃታ እየሳባችሁ ሳይሆን ሽጉጡን እየጎተታችሁ ነው። ሳይወድቅ በተከታታይ እስኪሆን ደጋግሙት፣ ደቂቃዎች ይበቃሉ በየቀኑ፣ ሰልቸት ሲላችሁ አቁሙ ምክንያቱም አደጋ የሚመጣው ልምምዱ አልቋል ተብሎ ጥይቱ ከተመለሰ በኋላ «አንዴ ልድገም» ሲባል ነው።

ዓይን ደሞ ዒላማውን ሳይሆን የፊተኛዋን ማነጣጠሪያ ነው አጥርቶ ማየት ያለበት፣ ዒላማው ብዥ ቢል ግድ የለም። እጀታውን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሁለተኛው እጅ ክፍት የቀረውን ቦታ ይሙላ፣ አውራ ጣት ከተንሸራታቹ ብረት ጀርባ በፍጹም አይሁን፣ ይቆርጣችኋል። ጣት እስክትተኩሱ ድረስ ከቃታው ውጪ።

በእውነተኛ ጥይት መለማመድ የሚቻለው ሕጋዊ በሆነ የተፈቀደ የተኩስ ቦታ ብቻ ነው። «ጣና ዳር ሄጄ ወደ ውሃ እተኩሳለሁ ማን አለ» የሚል ሰው አለ፣ ኧረ በማርያም! ውሃ በአግድም የመጣን ጥይት አይውጥም፣ ያነጥረዋል፣ የሚነጥርበትንም አቅጣጫ ማንም አያውቀውም። የ9 ሚሊሜትር ጥይት ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል፣ ሐይቁ ደሞ ባዶ አይደለም፣ ደንገል ታንኳ ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ዓሣ አጥማጅ ከዳር አይታይም፣ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ አለ፣ ደብረ ማርያም ደሴት ላይ ሰው ይኖራል። ሠርግና ጥምቀት ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውማ ምን ይባላል፣ የወጣው ይወርዳል እኮ።

ቦታው ላይ ስትደርሱ የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ጥጥ አይበቃም፣ የሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ነው፣ የተጎዳ ጆሮ ደሞ አይመለስም። መነጽርም አድርጉ። በ25 ሜትር አትጀምሩ፣ ከ3 ሜትር ጀምሩ፣ ከዛ 5፣ ከዛ 7። በ5 ሜትር ላይ ቀስ ብላችሁ የተኮሳችኋቸው አምስቱም የሲኒ ማስቀመጫ በሚያህል ክብ ውስጥ ካልገቡ ፍጥነት አትጨምሩ። ቀኝ እጅ የሆነ ሰው ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ ከሄደበት አብዛኛውን ጊዜ ሽጉጡ አይደለም የተበላሸው፣ ድምፁን ፈርቶ ቀድሞ ቃታውን እየነጠቀ ነው። መድኃኒቱ ጓደኛችሁ ካዝናውን ይሙላላችሁና መሀል ላይ ለልምምድ የተሠራ ባሩድ የሌለው ጥይት ይክተት፣ የቱ ጋ እንዳለ ሳታውቁ ተኩሱ። እሱ ላይ ስትደርሱ አፈሙዙ ቁልቁል ሲነቀነቅ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ጥይት ቢከሽፍ ወዲያው አትክፈቱት፣ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ፣ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለ። ደሞ ድምፁ ፍስስ ካለና ግፊቱ ከቀነሰ በፍጹም ሌላ አትተኩሱ፣ አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል፣ ቀጣዩ ሽጉጡን እጃችሁ ላይ ያፈነዳዋል።

አያያዙን ቶሎ ልበል። እዚህ ክረምት ላይ ሁሉ ነገር ይረጥባል፣ ጥይት ክዳኑ ጥብቅ ባለ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት ጨምሩበት። የቆዳ መያዣ ውስጥ ለወራት አትተዉት፣ ቆዳው የተለፋበት ኬሚካል ቀለሃውን አረንጓዴ ያደርገዋል። የዛገ፣ የተጎረደ፣ አረሩ የሚነቃነቅ ጥይት አይተኮስም። የድሮ የምሥራቅ አገሮች ጥይት ብዙው ጨው የሚተው መቀጣጠያ አለው፣ ተኩሳችሁ ካደራችሁ አፈሙዙ ይዝጋል፣ በዕለቱ በሙቅ ውሃ አጥቦ አድርቆ ዘይት መቀባት ነው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በየማታው ያንኑ አንድ ጥይት ማጉረስና ማውጣት አረሩን ቀስ በቀስ ወደ ቀለሃው ውስጥ ይገፋዋል፣ ያን ጊዜ ሲተኮስ የባሩዱ ግፊት ከልክ ያልፋል፣ ከሌሎቹ ጎን አቁማችሁ ለኩት፣ ካጠረ አስወግዱት። ትራስ ስር ማስቀመጥ ደሞ ልጅ ባለበት ቤት አይታሰብም፣ ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ግዙ።

ሕጉን በተመለከተ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይ ሌላን ሰው ከሕገወጥ ጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል፣ ግን ጥቃቱ አሁን የሚደርስ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ የተወሰደውም እርምጃ ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን። ከዛ ካለፈ አንቀጽ 79 ይመጣል፣ እሱ ላይ ፍርድ ቤቱ ድንጋጤንና ፍርሃትን ከግምት ሊያስገባ ይችላል፣ ግን ያንን የምትከራከሩት ታስራችሁ ነው። አጥር ዘሎ እየሸሸ ያለ ሰው ጀርባ ላይ መተኮስ መከላከል አይባልም፣ ዕቃችሁን ይዞም ቢሆን።

እንዳይሆን የሆነ ቀን ከተኮሳችሁ፣ መጀመሪያ ጥቃቱ መቆሙን አረጋግጡ፣ ከዛ ወደ 991 ለፖሊስ፣ የተጎዳ ካለ ወደ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ፣ የተጎዳው ሌባውም ቢሆን። ቀለሃውን አትልቀሙ፣ ደሙን አትጠቡ፣ ጎረቤት ገብቶ ዕቃ እንዳያነሳሳ በሩ ላይ አንድ ሰው አቁሙ። ፖሊስ ሲደርስ ሽጉጡ እጃችሁ ላይ አይሁን፣ ካዝናው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ፈቃዱንም ከጎኑ አድርጉት።