«ዘር» ስንል የምንስታቸው ነገሮች

አማርኛችን ጎተራ ውስጥ ያለውንም ደም ውስጥ ያለውንም በአንድ ቃል «ዘር» ይለዋል። ስለ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ስለሚወረሰው የሕይወት መመሪያ፣ ስናወራ ግማሹ ጣጣ ከዚህ ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ትምህርት ሲዘጋ እነዋሪ አጎቴ ቤት ነኝ። ሁለቱም ቦታ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ላውራችሁ።

ምርጥ ዘር ሁሉ «ጂኑ የተነካ» ይመስለናል

አጎቴ ቁንጮ ጤፍ ሊዘራ ሲል ጎረቤቱ «ላብራቶሪ የተሠራ ነው፣ ተወው» አለው። ቁንጮን እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ሁለት የአገራችን ጤፎች ተዳቅለው ነው የተገኘው፣ ሌላ ነገር የለውም። ሥራው ግን ቀላል አይምሰላችሁ። የጤፍ አበባ ለዓይን እንኳ አትሞላም፤ የምትከፈተውም ማለዳ 1 ሰዓት ግድም ነው። አዳቃዩ በማጉያ መነጽር ሥር አጎንብሶ በዚያች አጭር ጊዜ መድረስ አለበት።

ሦስቱን ነገር እንለይ። አንዱ ማዳቀል ነው፣ ቁንጮ ላይ ያየነው። ሁለተኛው ከሌላ ፍጡር ጂን አምጥቶ ማስገባት ነው። የአፈር ባክቴሪያ ጂን ገብቶበት ትልን የሚቋቋመው ቢቲ ጥጥ እንዲህ ያለ ነው፤ አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዳዋለች። በሕግ «ልውጥ ሕያዋን» የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ የሚገዛቸውም የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና የ2007 ዓ.ም. ማሻሻያው ነው። ሦስተኛው ጂን ማረም ነው። ክሪስፐር በሚባለው መሣሪያ ሰብሉ ራሱ ያለውን ጂን የተፈለገው ቦታ ላይ ቆርጦ ማጥፋት ወይም መለወጥ ነው። ይህን መንገድ የጠረጉት ሁለት ሴቶች፣ ኤማኑኤል ሻርፓንቲዬ እና ጄኒፈር ዳውድና፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

«ሁለተኛ ዓመት አይበቅልም» እንላለን

ይሄ ወሬ ከበቆሎ የመጣ ነው። ድቅል በቆሎ በየዓመቱ አዲስ ዘር ካልተገዛለት ምርቱ ይወርዳል፤ ቢሆንም ይበቅላል። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው በራሳቸው ብናኝ ስለሚዳቀሉ፣ ንጹሕ ዘር ካስቀመጣችሁ ለከርሞም ያው ነው። «መካን ዘር» የሚባለው ሐሳብ ወረቀት ላይ ነበር፤ ገበያ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ጂን ሁሉን ነገር ይፈታል ብለን እንጠብቃለን

ጥቅምት ላይ አንድ ሌሊት ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ። ጠዋት ማሳው ምንጣፍ ሆኗል፤ ጤፉ ጋሽቦ። አጎቴ አንዱን ዘለላ በሁለት ጣቱ አነሳና ለቀቀው። ተመልሶ ተኛ። ሌላም አነሳ። ያው ነው። «እንግዲህ ማጭዱ ነው የሚያለቅሰው» አለና ወደ ቤት ገባ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ይህን ችግር በክሪስፐር ሞክሮታል። ተመራማሪዎቹ የጤፍን ቁመት የሚያስረዝም ጂን ቆረጡ። ጤፍ ከጂኑ አራት ቅጂ ስላላት አራቱንም መቁረጥ ግድ ሆነባቸው። የወጣው ጤፍ አጠረ፣ መጋሸቡም ቀነሰለት። ደስ ብሎኝ ለአጎቴ ነገርኩት። የመለሰልኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጭዱስ?»

እውነቱን ነው። ጭድ የበሬው ቀለብ ነው፣ ቤት የሚመረግበትም እሱ ነው። አንዱን ስትነካ ሌላው ይነቃነቃል። የእነዋሪ መረሬ አፈር ደግሞ ውሃ ያቁራል፤ መደብና ቦይ ሠርተው ውሃውን ያላጠነፈፉለት ሰብል ጂኑ ቢታረምም ሥሩ ይታፈናል።

ከበሽታ ጋር ሲሆን ይብሳል። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ የግንድ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ተዘራ። መከላከያው ግን በዋናነት በአንድ ጂን ላይ ያረፈ ነበር። በ2006 ዓ.ም. አዲስ ዓይነት ዋግ መጣና አርሲና ባሌ ላይ ስንዴውን ጠረገው።

የአያቶቻችንን ዘር «ኋላ ቀር» ብለን እንጥላለን

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ ደጋ የገብስ ዘር ሰብስበው ሄዱ። ከዚያ ውስጥ ቅጠል ላይ ዱቄት የነሰነሰ የሚመስለውን የሻጋታ በሽታ የማይፈራ ገብስ ተገኘ። ሚስጥሩ ኤምኤልኦ በሚባል ጂን ላይ የደረሰ የተፈጥሮ ለውጥ ነው። የአውሮፓ ገበሬ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ይህ ያለበትን ገብስ ይዘራል። እዚያ የሚጠጣው ቢራ ስንቱ ውስጥ የእኛ ደጋ እጅ እንዳለበት አስቡት። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች ያንኑ ጂን በስንዴ ላይ በማረሚያ መሣሪያዎች አጠፉት፤ ስንዴውም በሽታውን ተቋቋመ።

ክሪስፐር ያለውን ይቆርጣል እንጂ የት እንደሚቆረጥ አይነግራችሁም። ያንን የሚያሳየው እንደዚያ ገብስ ያለ፣ ውርጩንም በሽታውንም ያለፈ አሮጌ ዘር ነው። የመንዝ ወይም የአንኮበር ገብስ ካላችሁ ምርጥ ዘሩን ዝሩ፣ ግን አንድ ቁና የድሮውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ስትሰጡም ለማን እንደምትሰጡ እወቁ። በጤፍ ዱቄት ላይ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ላብራቶሪውን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን

ጓያን ውሰዱ። ድርቅ ሲመጣ ሁሉ ሲሞት እሱ ይቆማል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው ግን እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል። ኦዳፕ የሚባለውን መርዙን በማዳቀልም በጂን ማረምም ለመቀነስ እየተሠራ ነው፤ ዋሴ የተባለ መርዙ የቀነሰ ዝርያም ወጥቷል። እስከዚያው ግን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ጉዳቱን ይቀንሳል። ይሄ ክሪስፐር አይጠይቅም።

ቲክቶክ ላይ «መድኃኒት ተገኘ» ሲባል ለሁሉም በሽታ ይመስለናል

በክሪስፐር የተሠራው የመጀመሪያው ሕክምና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 እንግሊዝ ውስጥ ተፈቀደ። የሚያገለግለው ሲክል ሴል ለሚባለውና ለመሰል የደም በሽታ ነው። የታማሚው የደም ሴል ይወጣል፣ ይታረማል፣ በከባድ ኬሞቴራፒ መቅኔው ከጸዳ በኋላ ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። ለስኳርና ለደም ግፊት «የጂን መድኃኒት» ብሎ ጠርሙስ የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

«ዘራቸው ነው» እንላለን

የመጨረሻው፣ ከሁሉም የሚያመኝ። አንድ የማውቀው ቤት ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና የለም። ጠላው ሊጠመቅ ሲል አንዲት ዘመድ በጆሮ «የልጅቷ እናት እግሯ ያበጠ ነው፣ ዘራቸው ነው» አለች። ጋብቻው ፈረሰ።

ያ የእግር እብጠት ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት ሲኬድ፣ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቱቦዎች ያስቆጣል። መጀመሪያ ጣት መሃል ያሳክካል፣ ያቃጥላል፤ ቀስ እያለ እግሩ ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወላይታ ሰዎች ላይ የተሠራ የጂን ጥናት፣ ኤችኤልኤ በሚባለው የሰውነት መከላከያ ክፍል ያለ ልዩነት ተጋላጭ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ሐሜተኛዋ ይህን ብትሰማ «አላልኩም?» ትል ይሆናል። ግን ጂኑ ያለበት ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን በየቀኑ በሳሙና ከታጠበ፣ በሽታው የሚገባበት በር የለውም። ካበጠ በኋላም መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ይረዳሉ። ይህን ጂን ለማረም ክሪስፐር የሚጠራ ሰው የለም፤ በልኩ የተገዛ ጫማ ቀድሞታል።

የልጅቷ ታናሽ እህት ክፍሌ ውስጥ ናት። ስለ ውርስ ባስተማርኩ ቀን ከክፍል ስወጣ በር ላይ ጠብቃኝ «ቲቸር፣ እኔስ?» አለችኝ። እግሯን አየሁ። ሸራ ጫማ፣ ካልሲው ነጭ።