የአየር መሳቢያው ጎማ አልገባ ሲላችሁ ዘይት አትቀቡ
እንደ 2004 ኮሮላ ባለ የቆየ የቤት መኪና ላይ ከገበያ የተገዛ የአየር መሳቢያ ስትገጥሙ፣ በጣም የሚያታግለው የጎማው ወይም የሲሊኮኑ ማገናኛ ነው። ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ክፍል) አፍ ላይ አልገባ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ ይቀባል። እባካችሁ ተዉት። ለጊዜው ይገባል፣ ግን ዘይት አይደርቅም። ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ማገናኛው ቀስ በቀስ ይንሸራተታል።

በምትኩ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አቅጥኑ። ጣታችሁን ነክራችሁ የማገናኛውን የውስጥ ጠርዝ ብቻ አርጥቡት። ማጥበቂያ ቀለበቱን አስቀድማችሁ አስገቡና እያዟዟራችሁ ግፉት። ሳሙናው እርጥብ እያለ ያንሸራትታል፤ ሲደርቅ ጎማው ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ከዚያ ቀለበቱን በካቻቢቴ አጥብቁ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት እስኪደርቅ ጠብቁ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ማገናኛው ከተንሸራተተ ክፍተት ይፈጠራል። በክፍተቱ የገባ አየር በአየር መለኪያ ሴንሰሩ በኩል ስላላለፈ የሞተሩ ኮምፒውተር አይቆጥረውም። ነዳጁ ከአየሩ ጋር አይመጣጠንም፣ ሚኒሞው ይዛባል፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም ሊበራ ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ያልተጣራ አቧራ ሲሊንደር ውስጥ መግባቱ ነው፤ ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል። ኮረኮንች ላይ የምትነዱ በተለይ አስቡበት።

ሳሙና የምትቀቡት የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ባለበት ቱቦ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሴንሰሩን ፍቱት። ውስጡ ያለው ሽቦ በጣም ስስ ነው፣ የሳሙና ጠብታ እንዳይነካው።