ማዲያት ያለበት ሰው መጀመሪያ ምን ያድርግ?

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ማዲያትም አለብኝ። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ጉንጬና የላይኛው ከንፈሬ ላይ ወጣ። ከወለድኩ በኋላ ደበዘዘ እንጂ ጨርሶ አልለቀቀኝም። ስለዚህ አንዲት ሴት ባንኮኒው ጋ ጠጋ ብላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለማዲያት የሚሆን ምን አላችሁ?» ስትለኝ ቶሎ ብዬ መድኃኒት አላወጣም። «ቀን ቀን የት ነው የምትውዪው?» ብዬ እጠይቃታለሁ። ፀሐዩን ሳይከላከሉ ቅባት መቀባት ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ነው።

ማዲያት ከቆሻሻ አይመጣም፣ አይጋባም፣ ጉበት ታሟል ማለትም አይደለም። ለቆዳ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ከልክ በላይ ሲሠሩ የሚመጣ ነው። ሆርሞን ይቀሰቅሳቸዋል፦ እርግዝና፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል። በዘርም ይሄዳል። ጉንጭ፣ ግንባር፣ አፍንጫ፣ የላይኛው ከንፈር ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ ይመሳሰላል። አያምም፣ አያሳክክም። የሚያሳክክና የሚላጥ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ድዳችሁና የመዳፋችሁ መስመሮች ጭምር ከጠቆሩ፣ ድካምም ካለ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ወንዶችንም ይይዛል። ወንድሜ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ግራ ጉንጩ ከቀኙ ይልቅ ጠቁሯል። በመስኮቱ በኩል የሚውለው ግራው ነዋ! የመኪና የጎን መስታወት ፀሐይ እንዳያቃጥለን ይረዳ ይሆናል፤ ቆዳ የሚያጠቁረውን፣ ዩቪኤ የሚባለውን የማይታይ የፀሐይ ጨረርና ዓይናችን የሚያየውን ብርሃን ግን ያሳልፋል። ሁለቱም ማዲያትን ያባብሳሉ።

አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ዩቪ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ግን አይታወቀንም። በክረምት ደመና ሲሆንም ጨረሩ ያልፋል።

እንግዲህ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ስትገዙ ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን፤ 50 ቢሆን እመርጣለሁ። «ብሮድ ስፔክትረም» የሚል ጽሑፍ ፈልጉበት፤ ዩቪኤንም ይከላከላል ማለት ነው። ለማዲያት የሚሻለው ግን የቆዳ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የሚባል ማቅለሚያ የገባበት ዓይነት ነው፤ ቀለም የሌለው ነጩ ሰንስክሪን የማያስቀረውን የሚታይ ብርሃን ይከላከላል። መጠኑ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ሌባ ጣታችሁና መሃል ጣታችሁ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ ሁለት መስመር ጭመቁ። ያ ለፊትና ለአንገት ነው። ከንፈር በላይና ጆሮ ሥር ያለውን እንዳትረሱት። ውጭ የምትውሉ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት።

ዋጋው ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። አቅም ካልፈቀደ ጥቁር ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ብዙ ይረዳሉ። ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል፤ አጥፋችሁ ደርቡት።

ሙቀትም ማዲያትን ያባብሰዋል። እንጀራ የምትጋግሩ፣ አክንባሎውን ስታነሱ እንፋሎቱ ቀጥታ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ክፈቱት።

ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳ ያቃጥላል፤ የተቃጠለውም ከማዲያቱ ብሶ ይጠቁራል። ፊትን መፈግፈግም እንደዚሁ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ። አንዲት ደንበኛዬ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ ይዛ መጣች። «መጀመሪያ ፊቴን እንዴት አጠራልኝ መሰለሽ!» አለችኝ። አሁን ግን ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ አገጯ ብጉር ብቻ ሆኗል፣ ቅባቱን ስታቆም ፊቷ ይነድዳል። እንዲህ ዓይነቱን ምልክት የሚያመጣው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ነው። ቶሎ ያጠራል፣ ከዚያ ቆዳውን ያሳሳል። አንዳንድ ማንጫ ቅባት ውስጥ ሜርኩሪም ይገኛል፤ ኩላሊት ይጎዳል። ምን እንደገባበት ያልተጻፈ ቅባት ፊታችሁ ላይ አታድርጉ፣ በእናቴ! ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የተቀባችሁ ደግሞ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ፤ እንዴት እንደምታቆሙት የቆዳ ሐኪም ይንገራችሁ።

ትክክለኛ መድኃኒት አለ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ጥቁረቱን የሚያደበዝዝ 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቅባት ያዛሉ፤ አንዳንዴ ትሬቲኖይን ከሚባል ሌላ የቆዳ መድኃኒትና ከቀላል ስቴሮይድ ጋር ተቀምሞ፣ ማታ ማታ፣ ለጥቂት ወራት። ያለ ክትትል ሲራዘም ኦክሮኖሲስ የሚባል ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ያመጣል፤ እሱን ማስለቀቅ ከማዲያቱ ይከብዳል። ነፍሰ ጡሮች ሃይድሮኪኖንም ትሬቲኖይንም ይቅርባችሁ። አዜላይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ግን በእርግዝናም የሚታዘዝ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባል የሚዋጥም አለ፤ ደም የመርጋት ችግር ላለበት ሰው አደገኛ ስለሆነ ያለ ሐኪም አይነካም። አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት፣ ደሴ አካባቢ ያላችሁ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አላቸው።

ለውጥ ለማየት ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። በየቀኑ መስታወት ፊት አትቁሙ፤ ተስፋ ያስቆርጣል። በወር አንዴ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ አንሱና አስተያዩ። ከለቀቃችሁ በኋላም ሰንስክሪኑን ብታቆሙ ይመለሳል።

ማዲያቱ የጀመራችሁ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል መውሰድ ከጀመራችሁ ወዲህ ከሆነ ይህንን ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ንገሩ። ሆርሞን የሌለው፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የመዳብ ሉፕ አለ። ሌላ መከላከያ ሳትይዙ ግን እንክብሉን አታቋርጡ።