ባቴ ያስተማረኝ የስፒድ አጀማመር

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዓመት ሙሉ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ሶምሶማ ስል ከርሜ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሆጤ ሜዳ ላይ ስፒድ የሚሠሩ ልጆች አየሁ። ደሜ ሞቀና ገባሁ። 400 ሜትር፣ ስምንት ጊዜ። ስድስተኛው ላይ ግራ ባቴን ሰው ከኋላ በድንጋይ የመታኝ መሰለኝ። ዞር ስል ማንም የለም። ጡንቻዬ ነው የተሰነጠቀው።

«አብሽር ጋሼ፣ ይድናል» አለኝ አንዱ ልጅ። ዳነ፤ ግን ሰባት ሳምንት ፈጀ። ኮምቦልቻ ከሰርቪስ እያነከስኩ ስወርድ የሥራ ባልደረቦቼ «ከማን ጋር ተደባደብክ?» ይሉኝ ነበር።

ያን ቀን ትንፋሽ አላጠረኝም። ችግሩም እሱ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይላመዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ትንፋሻችሁ «ጨምር» ሲላችሁ እግራችሁ ገና አልሰማም።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ወር፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም ሶምሶማ ካላላችሁ ኢንተርቫል፣ ማለትም በየመሃሉ እያረፉ በፍጥነት መሮጥ፣ ለጊዜው ይቅርባችሁ።

ያን ካለፋችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሶምሶማው ሲያልቅ ሜዳ ቦታ ፈልጉና ለ20 ሰከንድ ዘና ብላችሁ ፈጠን በሉ። ሙሉ ጉልበት አይደለም፤ ትከሻችሁ ከተወጠረ አብዝታችኋል። ትንፋሽ እስኪመለስ በእግር ሂዱና ድገሙት። አራት ጊዜ ይበቃል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ወደ ፋርትሌክ እለፉ፦ አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ ሁለት ደቂቃ ቀስ፣ አምስት ጊዜ። ይህ መም (የመሮጫ ትራክ) አይፈልግም፣ የስልክ ሰዓት ይበቃል። ባጃጅ የማይበዛበት መንገድ ብቻ ምረጡ።

400 ሜትር የሚመጣው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ እሱም አራት ዙር ብቻ። ፍጥነቱ 5 ኪሎ ሜትር ውድድር ብትገቡ እስከ መጨረሻው ልትይዙት የምትችሉት ይሁን። በየመሃሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ በእግር ሂዱ። እኔ ዕረፍቱን በሰዓት ሳይሆን በአፌ ነው የምለካው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳልቆራርጥ መናገር ከቻልኩ እነሳለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትንፋሽ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ አትፈሩበት። በየሳምንቱ አንድ ዙር መጨመር ይቻላል፤ ፍጥነትና ዙር አብሮ መጨመር ግን አይሆንም። በየአራተኛው ሳምንት ቀንሱ። ስፒድ በሳምንት አንዴ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ቀላል ሩጫ ወይም ዕረፍት።

ልጆቹ የቼኮዝሎቫኪያውን ሯጭ የዛቶፔክን ስም ያነሱብኛል። እውነት ነው፣ 400 ሜትርን ደጋግሞ በመሮጥ የታወቀ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይም 5,000፣ 10,000 እና ማራቶን አሸንፏል። ግን ዛቶፔክ ከሰርቪስ ወርዶ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ አልዋለም።

ማሟሟቂያ ላይ ስስታም አትሁኑ። የደሴ ጠዋት ብርድ፣ በተለይ ጦሳ ጉም ሲለብስ፣ ባትን እንደ እንጨት ያደርቀዋል። 15 ደቂቃ ሶምሶማ በሉ፣ ከዚያ እግር ማወዛወዝና ጉልበት ከፍ እያደረጉ መራመድ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት አጭር ፈጠን ማለት። ያልሞቀ ጡንቻን ይዞ መጎተት አልወድም። መም ላይ ከሆናችሁ ማሟሟቂያውን በውጭኛው መስመር ተቃራኒውን አቅጣጫ ዙሩ፤ ሁልጊዜ ወደ ግራ መታጠፍ አንዱን እግር ያበዛበታል።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ያጓጓል። ቁልቁለት ላይ ግን ስፒድ አትሥሩ። እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን መያዝ ነው፤ ታፋና ጉልበት ይከፍላሉ። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለችና ሜዳዋ ላይ ስትሮጡ አየሩ የጠገበ ይመስላችኋል። ያችን ጉርሻ ተጠራጠሯት፤ ሙቀቱም ቀላል አይደለም። በማለዳ ጨርሱ።

ሕመምን መለየት ልመዱ። በማግስቱ ሁለቱም እግር እኩል ቢዝል የሥራ ድካም ነው። አንድ ቦታ ብቻ፣ በጣት የምትጠቁሙት ሕመም ከሆነ አቁሙ። ቅልጥማችሁን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉ፤ አንዷ ነጥብ ላይ ሕመሙ ካስዘለላችሁ አጥንት ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ሂዱ። ሩጫው ላይ አረማመዳችሁን የሚቀይር ሕመም ከመጣ ዙሩን አትጨርሱት።

ጫማ ከቦንዳ የምትገዙ ከሆነ፣ እኔም ከዚያው ነኝ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ከኋላው እዩት። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ተረከዝ የሌላ ሰው አረጋገጥ ነው፤ ይቅርባችሁ።

አንድ የማልዘላት ነገር አለች። ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቼ እቆምና ተረከዜን ቀስ ብዬ ወደ ታች አወርዳለሁ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ማታ ማታ። ባቴና ጅማቴ የጠነከሩት በእሷ ይመስለኛል። የአከራዬ ልጅ ግን አሁንም አልገባትም። «ጋሼ፣ ደረጃው ላይ ማንን እየጠበቁ ነው?» ትለኛለች።