ጎረምሳ ልጅዎ ከሰው ጋር ተግባብቶ እንዲኖር

የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዳያና ባውምሪንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚይዙበትን መንገድ በሦስት ከፍላዋለች፦ ጥብቅ አዛዥ፣ ልል፣ እንዲሁም ደንብ አውጥቶ የሚያዳምጥ። ልጅን ከጓደኛ ጋር ለማግባባት አብዛኛውን ጊዜ የሚበጀው ሦስተኛው ነው።

ከመግቢያ ሰዓት ይጀምሩ። የ14 ዓመት ልጅዎ «እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ልቆይ» ካለ፣ «አይሆንም አልኩ!» ብለው አይዝጉት። የት፣ ከማን ጋር፣ በምን እንደሚመለስ ይጠይቁ፤ ሳያቋርጡ ይስሙት። ከዚያ ምክንያትዎን ነግረው «1 ሰዓት ላይ ግባ፤ ከዘገየህ ደውል» ብለው ይስማሙ። ካረፈደ የሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ቀድሞ እንደሚገባም አስቀድመው ይንገሩት። ሲያረፍድ ያንኑ ብቻ ይፈጽሙ፤ ስድብ አይጨምሩበት።

ብዙ ቤት የሚበላሸው አባት ሲከለክል እናት በጓዳ ስትፈቅድ ነው፤ ልጁ መነጋገርን ትቶ መደበቅን ይለምዳል። በእንግዳ ፊት መቆጣትም ክፉኛ ይጎዳል፤ በዚህ ዕድሜ በሰው ፊት ማፈር በጣም ያማል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ «ጨዋ ልጅ» እያልን የምናሞግሰው ዝምታ አንዳንዴ ፍርሃት ነው። ክፍል ውስጥ እጅ የማያወጣ፣ ጓደኞቹ ሲገፋፉት እምቢ ማለት የሚያቅተው ከሆነ፣ በእራት ሰዓት «አንተስ ምን ትላለህ?» ይበሉትና ሐሳቡ ከእርስዎ ቢለይም አይቆጡት።