የጂሜይል ባክአፕ፦ ቅጂው እዚያው ጉግል ውስጥ ከሆነ ባክአፕ አይባልም

ፎቶውን ባክአፕ የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። ኢሜይሉን የሚያደርግ ግን እምብዛም ነው። «ጉግል ጋር አለ አይደል?» ይባልና ይታለፋል። አዎ አለ። ችግሩ እናንተ መግባት ያቃታችሁ ቀን ነው።

እስኪ ውስጡ ያለውን አስቡት። የዲግሪ ስካን፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ ለኤምባሲ የተላከ ፎርም፣ የኪራይ ውል፣ ዱባይ ያለች እህት የላከችው የሥራ ኮንትራት። ሁሉም በአንድ ፓስወርድ ሥር ነው። አካውንቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተከፈተው በድሮ ሲም ቁጥር ስለሆነ፣ ሲሙ ከጠፋ ወይ አገር ከተቀየረ በኋላ የማረጋገጫ ኮዱ ማን ስልክ ላይ እንደሚገባ እግዜር ይወቀው።

ሌላም አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተነካ የግል አካውንት በጉግል ደንብ መሠረት ሊሰረዝ ይችላል። ትራሽ ውስጥ የገባ ኢሜይል በ30 ቀን ይጠፋል፤ አካውንታችሁን የሰረቀ ሰው ትራሹን ራሱ ባዶ ካደረገው ደግሞ 30 ቀንም የለም። ጉግልም ቢሆን አንዳንዴ ይሳሳታል፦ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 በአንድ የሶፍትዌር ስህተት ከመቶ 0.02 የሚሆኑ ተጠቃሚዎች ኢሜይላቸውን ባዶ ሆኖ አገኙት። ኢሜይሉ የተመለሰው በቴፕ ላይ ተቀድቶ ለብቻው ተቀምጦ ስለነበር ነው። እንግዲህ ጉግል ራሱ ከሲስተሙ ውጭ ቅጂ ካስቀመጠ እኛ ምን ቤት ነን?

አንድ ነገር ግን እንለይ። ስልካችሁ ላይ ኢሜይሉ መታየቱ ባክአፕ አይደለም። እሱ ሲንክ ነው፤ አንዱ ጋ ያጠፋችሁት ሌላውም ጋ ይጠፋል። ባክአፕ ማለት ዋናው ቢጠፋም የሚቀር፣ በሌላ አካውንትና በሌላ ፓስወርድ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

ነፃውና ቀላሉ መንገድ ጉግል ቴክአውት ነው፤ ጉግል የያዘላችሁን ዳታ ቀድቶ የሚሰጥ የራሱ የጉግል አገልግሎት። ኮምፒውተር ላይ ብትሠሩት ይሻላል፤ ስልክ ላይም ይሄዳል ግን ትንሽ ያደክማል። ገጹን ፈልጋችሁ ስትገቡ አድራሻው የጉግል የራሱ መሆኑን እዩ፤ ፓስወርድ የሚለቅም አስመሳይ ገጽ አይጠፋም። ሲከፈት ጉግል ስለ እናንተ የያዘው ሁሉ ተመርጦ ይጠብቃችኋል፣ ከዩትዩብ እስከ ካርታ። መጀመሪያ «ዲሴሌክት ኦል» የሚለውን ተጫኑና ሁሉንም አንሱት፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ «ሜይል» ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ። ይህን ከዘለላችሁ የፎቶና የቪዲዮ ጎርፍ አብሮ ይመጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ዋናው ነው፦ ፋይሉ የት ይሂድ? በኢሜይል ሊንክ እንዲላክላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ሊንኩ የሚሠራው ለሳምንት ያህል ነው፣ ማውረዱም የእናንተው ዳታ ነው። ጉግል ድራይቭም አማራጭ ውስጥ አለ፣ ግን እሱን እርሱት። ድራይቭና ጂሜይል አንድ አካውንት ናቸው፤ አንዱ ሲቆለፍ ሌላውም ይቆለፋል። በዚያ ላይ ነፃው 15 ጊጋባይት ለጂሜይል፣ ለድራይቭና ለፎቶ በጋራ የተሰጠ ስለሆነ ባክአፑ ራሱ ቦታውን ሊሞላባችሁ ይችላል፤ ቦታው ከሞላ ደግሞ አዲስ ኢሜይል መቀበል ይቆማል። ቤት ቆልፎ መለዋወጫ ቁልፉን እዚያው ቤት ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው።

ስለዚህ ፋይል ኢንተርኔት ላይ ከሚያስቀምጡት ከጉግል ውጭ ካሉ አገልግሎቶች የማይክሮሶፍቱን ዋንድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስን ምረጡ። ዋንድራይቭ በነፃ 5 ጊጋባይት ይሰጣል፣ ድሮፕቦክስ 2። የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ለእኛ አገር ሰው ይገባዋል፦ ፋይሉ ከጉግል ወደ ማይክሮሶፍት በቀጥታ ይሄዳል እንጂ በእናንተ ኢንተርኔት አያልፍም። ኔትወርኩ ቢቆራረጥም፣ ጥቅሉ ቢያልቅም ሥራው ይቀጥላል። የዋንድራይቩን አካውንት ስትከፍቱ ግን ማረጋገጫ ብላችሁ ያንኑ ጂሜይል እንዳትሰጡት፤ ዙሪያ ጥምጥም ሄዳችሁ አንድ ቦታ ትገናኛላችሁ።

ድግግሞሹ ላይ «በየሁለት ወሩ ለአንድ ዓመት» የሚል አማራጭ አለ፤ እሱን ያዙ። ዓመቱ ሲያልቅ በራሱ አይታደስም፣ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ደግሞ በየጊዜው የሚመጣው አዲሱ ኢሜይል ብቻ ሳይሆን ሙሉው ነው፤ ስለዚህ አዲሱ በትክክል መግባቱን ካያችሁ በኋላ የድሮውን አጥፉ፣ አለዚያ 5 ጊጋው ወዲያው ይሞላል። የፋይል ዓይነቱ ዚፕ፣ የአንዱ ፋይል መጠን 2 ጊጋ ይሁን። ከዚያ ዋንድራይቭን አገናኝታችሁ አዘዙት ማለት ነው። ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፣ አንዳንዴም ቀናት። ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፦ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ ገና ባክአፕ አይደለም። ጥሩ ዋይፋይ ስታገኙ ፋይሉን አንዴ አውርዱና ዚፑን ፍቱት። ውስጡ ኤምቦክስ የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ታገኛላችሁ። በኖትፓድ ከከፈታችሁት ትደነግጣላችሁ፤ እንግሊዝኛው ከሞላ ጎደል ይነበባል፣ የአማርኛው ኢሜይል ግን ብዙ ጊዜ የላቲን ፊደልና የቁጥር ሰልፍ ይሆናል፣ በተለይ ርዕሱ። «አማርኛዬ ተበላሸ» እንዳትሉ። ኢሜይል ድሮ የተሠራው ለላቲን ፊደል ስለሆነ የእኛ ፊደል ለጉዞ ይጠቀለላል፤ አንዷ «ሀ» ወደ አራት ምልክት ተቀይራ ትሄዳለች፣ የመጀመሪያው ምልክት ቁጥር 4 ነው። ትክክለኛ ፕሮግራም ሲከፍተው ተመልሶ አማርኛ ይሆናል።

ፕሮግራሙ ተንደርበርድ የሚባል የኮምፒውተር ኢሜይል ማንበቢያ ነው፣ ነፃ ነው። ጭናችሁ «ኢምፖርት ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ» የሚባለውን ተጨማሪ አስገቡና ኤምቦክሱን «ሎካል ፎልደርስ» ውስጥ ክፈቱት። አንድ የድሮ ኢሜይል ፈልጉ፣ አታችመንቱን ክፈቱ፣ የአማርኛውንም አንብቡ። ከተከፈተ ሥራው ተሳክቷል። ቴክአውት ኢሜይሉን ወደ ጂሜይል መልሶ የሚያስገባ ቁልፍ የለውም፤ መመለስ ያስፈለገ ቀንም መንገዱ ይኸው ተንደርበርድ ነው፣ አዲሱን አካውንት አገናኝቶ ኢሜይሎቹን እየጎተቱ ማስገባት። ፋይሉ በፓስወርድ እንዳልተቆለፈም አትርሱ። የፓስፖርታችሁ ኮፒ ውስጡ አለ። በኢንተርኔት ካፌ ወይም በሰው ኮምፒውተር አታውርዱት።

ይህ ሁሉ አሰልቺ ከሆነባችሁ በየቀኑ በራሱ የሚቀዳ፣ በወር የሚከፈልበት የክላውድ አገልግሎት አለ። ለአንድ ሰው እኔ ቅንጦት ነው እላለሁ፤ አገር ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ የውጭ ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ለቢሮ ግን አስቡበት፣ በተለይ ሠራተኛ ሲለቅ አካውንቱ በሚሰረዝበት። በጉግል ወርክስፔስ (ለድርጅት በተዘጋጀው የጉግል አገልግሎት) የተሰረዘ ሠራተኛ አካውንት መመለስ የሚቻለው በ20 ቀን ውስጥ ነው፤ ኦዲተር የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። አገልግሎት ስትመርጡ የጂሜይል ፓስወርዳችሁን ጻፉ ከሚላችሁ ሽሹ፤ ደህናው በጉግል የፈቃድ ገጽ በኩል ነው የሚገባው። አንድ ኢሜይል ብቻ ነጥሎ መመለስ ይችል እንደሆነ፣ ክፍያ ስታቆሙም ቅጂውን ምን እንደሚያደርገው ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ሞክራችሁ ከተዋችሁትም ከጉግል አካውንታችሁ የሴኩሪቲ ገጽ ገብታችሁ ፈቃዱን አንሱበት። አፑን ከስልክ ማጥፋት ብቻ ኢሜይላችሁን ከማንበብ አያግደውም።